ጠማማ ስፌት

ቱምቢ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ባሏ ነው። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ለማየት በክር የሚያንጠለጥለው ብረት አለ አይደል? እሱን ዓይኗ ውስጥ ይዛ ነው የተወለደችው ይላል። ሰው ቤት ገብታ ገና ወንበር ሳትይዝ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ በግማሽ ጣት ወደ ግራ ማዘንበሉን ታያለች። አይታ ዝም ብትል ደግ ነበር፤ ተነሥታ ታቃናዋለች። አንድ ጊዜ ባንክ ወረፋ ይዛ፣ ከፊቷ የቆመውን የማታውቀውን ሰውዬ ኮሌታ ከኋላው አስተካክላለታለች። ሰውዬው ደንግጦ ኪሱን ያዘ።

በሙያዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የስንቱን ቤት መስኮት አልብሳለች። የእሷ መጋረጃ ሲሰቀል ጫፉ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጣት። በዚህ ትኮራለች፤ ብትኮራም ሲያንሳት ነው። ስፌት ያስተማረቻት እናቷ ናት። ልጅ ሆና የመጀመሪያውን ቀጥ ያለ መስመር የሰፋች ቀን፣ እናቷ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ፣ ማን እንደሰፋው እያወቀች “ይሄ የማን እጅ ነው?” ብላ ጠየቀቻት። “የኔ!” አለች ልጅቱ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለ ነገር በሠራች ቁጥር ጆሮዋ የሚጠብቀው ያችን ጥያቄ ነው።

ታዲያ ይህችው ሴት ናት፣ አንድ እሑድ እናቷ ቤት ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ጉዷን የሰማችው።

“ይሄ ደረጃ ገደለኝ” አለች እናቷ። “ሦስተኛ ፎቅ መውጣትና መውረድ ከእንግዲህ የኔ ነገር አይደለም። ሚጣ ጋ ልገባ ነው።”

ሚጣ ታናሽ እህቷ ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ የሰዉን የሐኪም ወረቀት ስታነብ የምትውል ሴት፣ ለቤተሰቡ እስከ ዛሬ ሚጣ ናት። የሸሚዟ አዝራር ሲበጠስ በፌስታል ቋጥራ ወደ እህቷ ሱቅ ትመጣለች። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ምላሷ ይወጣል።

ቱምቢ ዱብ ዕዳ ወረደባት። እናቷ ስታረጅ የምትጦራት እሷ መሆኗን ተጠራጥራ አታውቅም። በኩር ናት። ትርፍ ክፍል አላት። የዚያን ክፍል መስኮት ገና ዓምና ለክታ፣ ጨርቁን መርጣ ቆርጣ አስቀምጣለች።

“የኔም ቤት እኮ ምድር ላይ ነው እማዬ” አለች።

“አውቃለሁ ልጄ።”

“ታዲያ?”

እናትየዋ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶም ሻይዋን ታማስላለች። “ሚጣ ክፍሉን በገዛ እጇ እያሰናዳችልኝ ነው” አለች በመጨረሻ። “ቀለሙንም፣ ቁም ሳጥኑንም፣ ግድግዳውንም። ሰው አልቀጠረችም።”

“በገዛ እጇ!” አለች ቱምቢ። በጥርሷ ሳቀች።

ቅናት አንዴ ከገባ ማስረጃ መልቀም ይወዳል። ቱምቢም ለቀመች። ባለፈው ወር መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ እናቷ ዓይኗን እያየቻት ሰላም ሳትላት አልፋለች፤ ተከትላ “እማዬ!” ስትላት ነው “ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?” ያለቻት። አዲስ የሰፋችውን መጋረጃ በስልኳ ስታሳያት፣ ስልኩን ገልብጣ ይዛ “ያምራል” ብላ መልሳላታለች። ገልብጣ! ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሐሙሱ ነገር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እናቷ ሱቁ ትመጣና ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠርዝ ይዘመዝሙ ነበር። እሱንም “እጄን ደከመኝ” ብላ ተወችው። ሚጣ ቤት ለመሄድ ግን ድካም የለም፤ በየሁለት ቀኑ እዚያ ናት አሉ።

“እናቴ ጠልታኛለች” አለችው ለባሏ።

“እናትሽ አልጠላችሽም። አንቺ ነሽ የቀናሽው።”

“እኔ? በሚጣ? ምኗን ብዬ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ” አለ ባሏ፣ “ሆድሽን ጠይቂው።” ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አኮረፈችው፤ እውነት ተናግሯላ።

ሌላም የሚያንገበግባት ነገር ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሚጣ ሱቋ መጥታ “እትዬ፣ ቅዳጅ ጨርቅ ካለሽ ስጪኝ። ወፍራምም ቀጭንም፣ ሻካራም ለስላሳም ይሁን፣ ብቻ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰል” ብላ ለምናት ነበር። ቱምቢም ምን እንደሚሠራበት ሳትጠይቅ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሸክማታለች። በገዛ ጨርቋ ጉድ መሆኗ ነው እንግዲህ።

ሚጣ ክፍሉን እንድታይላት ቱምቢን የጠራቻት፣ እናታቸው ልትገባ አንድ ሳምንት ሲቀራት ነው። ቱምቢ ስትደርስ ሁለት የመድኃኒት ቤቱ ባልደረቦች ቀድመው ገብተው በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ።

ግድግዳው ነጭ ነው፤ የበሩ መቃን ግን ቢጫ፣ ያውም የእንቁላል አስኳል ቢጫ። አሮጌው ቁም ሳጥን በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጥቁር ሰማያዊ ተቀብቷል፤ መያዣዎቹ ነጭ። የመብራቱ ማብሪያ ዙሪያ የሳህን ያህል ቀይ ክብ ተሥሎበታል፤ ክቡ በአንድ በኩል ሆዱ ተነፍቷል፣ ቀለሙም ሁለት ቦታ ተንጠባጥቧል። የአምፖሉ ሽፋን ከሽቦና ከወረቀት የተሠራ ነው። ሁሉንም ከሥራ ስትመለስ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ነው የሠራችው። “የበቀቀን ቤት” አለች ቱምቢ በሆዷ።

የሁሉንም ዓይን የሳበው ግን የጨርቁ መቀነት ነበር። ከአልጋው ራስጌ ተነሥቶ፣ ግድግዳውን በወገብ ከፍታ ተከትሎ፣ በበሩ ወጥቶ፣ በኮሪደሩ አድርጎ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ይሄዳል። ስፋቱ አንድ ስንዝር ነው። ረጅም ሸራ ላይ ልዩ ልዩ ቅዳጅ ተሰፍቶ፣ ሸራው በትናንሽ ምስማር ግድግዳው ላይ ተመቷል። አልጋው ጋ የካፖርት ሱፍ፤ ቁም ሳጥኑ ጋ ጂንስ፤ በሩ ጋ ቆዳ፤ ኮሪደሩን በሙሉ ከፈይ። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ያለችው አንዲት እርከን ላይ ሲደርስ ደግሞ ሦስት ትልልቅ የካፖርት አዝራሮች አሉ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የተሸረፈ። ስፌቱማ አይነሣ! ክሩ የጫማ ማሰሪያ ያህላል፣ ቋጠሮው በሙሉ ወደ ውጭ ነው፣ መስመሩም ሰክሮ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል።

“ይሄ እኮ ጥበብ ነው!” አለች አንደኛዋ ባልደረባ። “ሠዓሊ ነሽ ለካ አንቺ!”

“ጨርቁ የኔ ነው” አለች ቱምቢ። ማንም አልሰማትም።

ሃያ ሁለት ዓመት ቀጥ አድርጋ ስትሰፋ፣ አንድ ሰው እንኳ ጥበብ ብሏት አያውቅም። “መቼ ይደርሳል?” ነው የሚሏት።

“እማዬ አይታዋለች?” ብላ ጠየቀች።

ሚጣ ዓይኗን ከእህቷ ላይ አነሣች። “በጣም ወዳዋለች” አለች።

“መስኮቱ መጋረጃ የለውም።”

“እሱን እንኳ አልቻልኩበትም፤ አንቺን ልለምንሽ ነበር።”

ቱምቢ ያን ጊዜ ነው የወሰነችው። ለራሷ ቤት ያሰበችውን፣ ዓምና የቆረጠችውን ጨርቅ ለሚጣ መስኮት ልትሰጥ። ከውጭ ለሚያየው ቸርነት ነው። “ቅዳሜ እናንተ የእማዬን ዕቃ ስትጭኑ እኔ እዚህ ሆኜ እሰቅላለሁ” አለች። “ቁልፉን ተዪልኝ።” ሚጣም “እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!” ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባሏ እሷንና የስፌት መኪናዋን አውርዶ፣ ሚጣን ይዞ ወደ እናትየዋ ቤት ሄደ። ዕቃ ጠርዘውና ጭነው እስኪመለሱ ቀኑ ይጋመሳል። መጋረጃው ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ተሰቀለ፤ ከወለሉ አንድ ጣት። ቱምቢ ወደ ኋላ ብላ አየችው፤ አማረባት። ዞር ስትል ግን ዓይኗ መቀነቱ ላይ አረፈ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይሄ ስፌት ሦስት ወር አይቆይም፣ አለች። እማዬ ደግሞ ስፌት ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ነገር በቀን በቀን እያየች መኖር የለባትም፣ አለች። ለእማዬ ብዬ ነው፣ አለች። ውሸቷን ነው። ለእማዬ ብላ አልነበረም። የምትፈልገው እናቷ ገብታ፣ ግድግዳው ፊት ቆማ “ይሄ የማን እጅ ነው?” ስትል፣ ሚጣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አፏ “የእትዬ ነው” ስትል መስማት ነበር። ለዚያች ለአንዲት ቃል ስትል ምስማሩን በመቀስ ጫፍ እየፈነቀለች ሸራውን ከግድግዳው አወረደችው።

እንግዲህ ሥራ የሚያውቅ እጅ ሲፋጠን ማየት ነው! ወፍራሙን ክር ተረተረች። ሱፉ ከጂንሱ አብልጦ ያብጣል፤ አወጣችው። ቆዳው ለመኪናው መርፌ አይመችም፤ አወጣችው። ከፈዩን አወጣችው። “ምናልባት ካስፈለገ” ብላ ከሱቋ ባመጣችው በአንድ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ፣ ከጥቁሩ ሰማያዊ ወደ ነጩ እያፈካካች፣ ሁሉንም በአንድ ልክ ቆርጣ፣ በአንድ ልክ ገበር አድርጋ፣ ጠርዙን ዘምዝማ፣ በካውያ ተኩሳ አንድ ወጥ አደረገችው። ሦስቱን አስቀያሚ አዝራሮች ቆርጣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ልብስ ሰፊ አዝራር አይጥልም። በምትካቸው ከዳር እስከ ዳር፣ በየስንዝሩ፣ ትንንሽ ነጭ አዝራሮች ደረደረች። ሸራውን መልሳ ስትመታ ጫፉን በሜትር ለካች። ስምንት ሰዓት ሆነ። እውነቱን ለመናገር አምሮ ነበር፤ ትልልቅ ሆቴል ውስጥ ቢሰቀል አያሳፍርም።

የባሏ መኪና ድምፅ ሲሰማ ሽርጧን አራግፋ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ቆመች።

ሚጣና የቱምቢ ባል ፍራሹን ሲያወርዱ እናትየዋ ብቻዋን ቀድማ ገባች። “ተዉኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ” ስትል ይሰማል፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። ቢጫውን መቃን በእጇ ነካ አድርጋ ወደ ክፍሉ ዘለቀች፣ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ጣለች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳርፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እጇ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ወደ ፊት ሄደ። እናትየዋ ፊቷን ወደ ጨርቁ አላዞረችም፤ ፊት ለፊት፣ ቱምቢን ቀጥ አድርጋ እያየች ነው የምትመጣው፤ ቅር ያላት ትመስላለች። ጣቶቿ አዝራር ነኩ፤ ቆመችና እግሯን ወደ ላይ አነሣች። እርከን አልነበረም፤ እግሯ በባዶ ወለሉን መታ። ሌላ አዝራር ነካች፤ አሁንም እግሯን አነሣች፤ ምንም። ሦስተኛው ላይ ማንሣቱን ተወችው። ቀጥ ብላ ተራመደች፤ እርከኑ ቁርጭምጭሚቷን መታትና በግንባሯ ተደፋች።

“እማዬ!” ቱምቢ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችባትም።

ሚጣ ፍራሹን ጥላ እየሮጠች ገባች። እናትየዋ ጉልበቷ ተልጧል፣ መዳፏ ደምቷል። ወለሉ ላይ ተቀምጣ በዚያው በደማው እጇ ግድግዳውን ትዳብሳለች፤ ነጩ ላይ ቀይ ምልክት ቀረ። የተናገረችውም ስለ ጉልበቷ አልነበረም።

“ሚጣ፣ አዝራሮቼ የት ሄዱ?”

ሚጣ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ከዚያ እህቷን አየች። “እትዬ” አለች፣ “ምን አደረግሽ?”

“አስተካከልኩት” አለች ቱምቢ። “ጠማማ ነበር፤ አስተካከልኩት...”

“እማዬ እኮ አታይም!”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ቱምቢ ግን ያን ጊዜ ተረት የሚያስታውስ ልብ አልነበራትም። የተገለበጠው ስልክ ታወሳት። መንገድ ላይ ዓይኗን እያየቻት ያለፈችው። የቀረው ሐሙስ። ቢጫው መቃን፣ ቀዩ ክብ፣ ሱፉ፣ ቆዳው። ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት፤ ግድግዳውን ተደግፋ እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

“ምንም አይታይሽም?” አለች።

“ደማቅ ቀለም ይታየኛል፤ ጥላ ይታየኛል” አለች እናቷ። “የዓይን ግፊት ነው አለኝ ሐኪሙ። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ሚጣ መንገዱን በጨርቅ ጻፈችልኝ፤ ሱፍ ሲሆን አልጋዬ፣ ቆዳ ሲሆን በሩ። ወር ሙሉ ስለማመደው ነው የከረምኩት።”

“ለእሷ ነግረሽ ለኔ አልነገርሽኝም።” ቱምቢ ይህን ስትል ራሷን ታዘበች። እናቷ ደምታ ተቀምጣ፣ እሷ አሁንም መቅናቷን አላቆመችም። ግን አመማት፤ እውነቱ ይሄው ነው፣ ከመውደቋ በላይ ይህኛው አመማት።

“ለእሷም አልነገርኳት። የሐኪሙን ወረቀት ይዤ መድኃኒት ቤት ብሄድ፣ መስኮቱ ላይ የቆመችው እሷ ሆነች፤ ከማን ልደብቀው? ለእህትሽ እንዳትነግሪያት ያልኳት ግን እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“አንቺ ጠማማ ነገር አይተሽ ዝም ማለት አይሆንልሽማ” አለች እናትየዋ፣ ያለ ቁጣ። “ሐኪም ለሐኪም ታዞሪኛለሽ። ተነሥቼ ውኃ ልቅዳ ስል ትቀድሚኛለሽ። ዕቃዬን ደርድረሽ፣ ጸጉሬን አበጥረሽ፣ አቃንተሽ ታስቀምጪኛለሽ። ለደግ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ አልቃናም።”

የቱምቢ ባል ካርቶን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ አያጣም ነበር፤ አሁን ካርቶኑን ቀስ ብሎ አስቀምጦ ወጣ።

ሚጣ የእናቷን ጉልበት በአልኮል ጠርጋ አሸገችው። ቱምቢ ተነሣች። ያንን ያማረ ጨርቅ፣ አራት ሰዓት ተኩል የለፋችበትን፣ ከግድግዳው ላይ ገነጠለችው። ያወጣችውን ቅዳጅ ከከተተችበት ማዳበሪያ ዘረገፈችና የስፌት መኪናውን ትታ መርፌ ያዘች። ሱፉን ጀመረች። እጇ ግን አልታዘዝ አላት፤ ስትለቀው ቀጥ፣ ስትለቀው ቀጥ። ክሩ ይጠብቃል፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይገባል።

“ቋጠሮውን ወደ ውጭ አድርጊው እትዬ” አለች ሚጣ አጠገቧ ተቀምጣ። “ጣቷ እንዲያገኘው። እዚህ ጋ ደግሞ እንዲያብጥ ሁለት ጊዜ አጥፊው።”

አዝራር መትከል የማትችለው ሚጣ ስፌት ታስተምራት ገባች። ቱምቢ ሱፉን ሁለት ጊዜ አጥፋ “እንዲህ?” አለች። “እንዲህ” አለች ሚጣ።

አዝራሮቹ ላይ ስትደርስ ከኪሷ አወጣቻቸው። አሁንም እጇ ሊደረድራቸው፣ በእኩል ሊያራርቃቸው ቃጣው። ጨነቃት። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፈነች። የተሸረፈውን በጣቷ ፈልጋ አገኘች፤ ጨርቁን ዳበሰች፤ መርፌውን ሰደደች። ጣቷን ወጋት፤ ዓይኗን አልገለጠችም። ሦስቱንም እንደዚያው ተከለቻቸው።

ሸራው ተመልሶ ሲመታ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። እናትየዋ ማንም ሳይደግፋት ከአልጋው ተነሣች። ሱፉን ዳሰሰች፣ በጂንሱ አለፈች፣ ቆዳው ጋ ታጠፈች፤ ከፈዩን በመዳፏ ሙሉ እየዳበሰች፣ አንድ እግሯን ሳብ እያደረገች መጣች። አዝራሮቹ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። አንዱን ነካች፣ ሁለተኛውን ነካች፤ ሦስተኛው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ወርዷል፣ ፈልጋ አገኘችው። ክሩን በጥፍሯ ሞከረችው።

“ይሄ የማን እጅ ነው?” አለች።

ቱምቢ ይህችን ጥያቄ ስትጠብቅ ሰንብታለች። አሁን ስትመጣ ግን እንባዋ ቀደማት።

“የኔ ነው እማዬ። ጠማማ ሆነብኝ።”

“እሰይ” አለች እናቷ፤ እግሯንም አንሥታ እርከኑን ወጣች።